ሜዳ ፍለጋ በጨርጨር ተዳፋት

ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚኤሶን ቆላ ያለፈ መንገደኛ የጨርጨርን ተራሮች መውጣት ሲጀምር ጭሮን ያገኛታል። የቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው፤ ዛሬም አንዳንድ ሹፌርና ነጋዴ በዚያው ስም ይጠራታል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናትና ለጥ ያለ መሬት ብርቅ ነው። የተገኘውን ደግሞ ገበያው ይፈልገዋል፣ መናኸሪያው ይፈልገዋል፣ መሥሪያ ቤቱም ይፈልገዋል። ኳስ ይዞ የመጣ ልጅ ተራ የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ሜዳ ባልሞላበት ሰፈር አንድ ምት ከሳተ ኳሱ ቁልቁል ይነጉዳል፤ የመታው ልጅም ሊያመጣ ይወርዳል፣ ሌሎቹ ወገባቸውን ይዘው ይጠብቁታል። የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የልጅነት ስፖርት ታሪክ በአመዛኙ የሜዳ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልጅን ከለጋ ዕድሜው ጀምሮ አካሉን ማጠንከር ግን ለዚህ አገር ከኳስ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም በቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሰውን በዕድሜ እርከን ያሳድጋል። የእርከኑ ስምና የዓመቱ ቁጥር ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል፦ ትንሹ ልጅ በነፃነት ይቦርቃል፣ ከፍ ሲል እረኝነት ይጀምራል፣ ጎረምሳ ሲሆን አደንና የጦር ስልት ይማራል። ማንም ከእርከኑ ዘሎ የታላቁን ሥራ አይሠራም። የዛሬ አሠልጣኞች በዕድሜ ከፋፍሎ ማሠልጠን የሚሉት ነገር እዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው።

እረኛው ደግሞ የራሱ ውድድር ነበረው። ከብቱ ሲሰማራ ትግል አለ፣ ሩጫ አለ፣ ዱላ ውርወራ አለ። በሌላው የአገሪቱ ደጋ የእረኛ ልጆች ገና የተባለውን የዱላ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ ከነዚያ ልጆች አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። በ1960 (እ.ኤ.አ.) የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሰው በልጅነቱ ጎሎቹ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች በሚራራቁበት በዚህ ጨዋታ የታወቀ ነበር። አሠልጣኝ ያገኘው ካደገ በኋላ፣ በክብር ዘበኛ ውስጥ ነው፤ ሳንባውና እግሩ ግን ሥራቸውን የጀመሩት ያኔ በልጅነቱ ነው።

አሰበ ተፈሪ በከተማነት የተነሣችው በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው በወታደር ትምህርት ቤት ያደጉት እኚህ ሰው በአማርኛ የመጀመሪያውን ቴያትር የጻፉ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ጨርጨርንም የሞዴል ግዛት ሊያደርጓት ተነሡ፤ ግብሩን በሥርዓት አስያዙ፣ መንገድ አስጠረጉ፣ ከተማዋንም በዕቅድ ማሠራት ጀመሩ። የከተማ ዕቅድ ሲነደፍ ክፍት መሬት ማስቀረት ዋና ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ያልተከለለ ሜዳ በኋላ ቤት ሲሞላ ከየትም አይመጣም።

ባቡሩ ሌላ ዕድል ይዞ መጣ። ሐዲዱ ሐረርን በተራራዋ ምክንያት ትቷት በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ከጨርጨር ግርጌ ቆላ ቆላውን ይዞ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት አድርጎ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። በዚህ የተነሣ በአንድ አካባቢ ሁለት ዓይነት ልጅነት ጎን ለጎን አደገ። የሚኤሶ ልጅ ሜዳ ሞልቶታል፣ ያጣው ጥላ ነው፤ ፀሐይዋ ዘወር እስክትል ካልጠበቀ አሸዋው ራሱ እግር ያቃጥላል። ለጭሮና ለሂርና ልጅ ደግሞ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሜዳው ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በዕረፍት ጎል የሚለዋወጡትም ለደንቡ ብቻ ሳይሆን ቁልቁል የመጫወትን ጥቅም ለመካፈል ነው።

የምሥራቁ ሁሉ ዓይን ግን ድሬዳዋ ላይ ነበር። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ሰው ሁሉ «ኮተን» የሚለው፣ በ1960፣ በ1962፣ በ1963፣ በ1965 እና በ1983 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ እሱም የኮተንን ማሊያ ከለበሱት አንዱ ነው። ጎል ካገቡት አንዱ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለቡ መንግሥቱ ወርቁ። አንድ የፋብሪካ ቡድን አምስት ጊዜ አገሩን ሲያሸንፍ በሐዲዱ ዳርና በተራራው ላይ ላሉ ልጆች ኳስ ቀልድ መሆኑ ያበቃል፤ ከማሽኑ ኋላ የሚሠራው ሰው እሑድ ሜዳ ላይ ጀግና ሆኖ ይታያልና።

በ1968 ዓ.ም ድሬዳዋ ከዚያም በላይ አየች። የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚያ ተመደበ፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። ዛየር የቀደመው ዋንጫ ባለቤት ነበረች፣ ከሁለት ዓመት በፊትም በዓለም ዋንጫ የተጫወተች፤ ግን ድሬዳዋ ላይ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ዋንጫውን በመጨረሻ የወሰደችው ሞሮኮ ጉዞዋን የጀመረችው በዚያው ከተማ ነው። ለሚኤሶ ልጅ የአህጉሩ ምርጥ ተጫዋቾች አንድ ባቡር ያህል ቀርበው ነበር። ደስታው አልሰነበተም። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ተዋጋ፤ የባቡር ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ኳስ መጫወቻ ዕድሜ ላይ የነበሩ ብዙ ልጆች ያሳለፉት ጊዜ የጨዋታ አልነበረም።

ታላላቆቹ ክለቦች ከተማ ውስጥ ሆነው ገጠሩንና ትንንሾቹን ከተሞች የሚያገናኘው ጨርቅ ኳስ ነበር። አሠራሩን ያልረሳ ጎልማሳ ብዙ ነው። አንድ ያረጀ ካልሲ ይፈለጋል፤ የታላቅ ወንድም ከሆነ ይመረጣል፣ ሰፊ ነውና። መሀሉ ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ ይገባል፣ እንዲነጥር። በዙሪያው ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ የካልሲው አፍ ይጠመዘዝና ተገልብጦ ይደገማል፣ በመጨረሻ በሲባጎ ይታሰራል ወይም በመርፌ ይጠቀማል። ዝናብ ከመታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጥሩ አድርጎ የሚሠራ ልጅ ቢያንከስም ከቡድን አይቀነስም ነበር። ወላጅ በበኩሉ ኳስን የዱርዬ ሥራ ያደርገዋል፤ ጫማ ይጨርሳል፣ ከጥናት ያዘናጋል። ከሁለቱ ክሶች የመጀመሪያው እንኳ እውነት ነበር።

ሴቶቹ ሌላ ሜዳ ነበራቸው። ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ የተባሉት የዝላይ ጨዋታዎች የሚፈልጉት የአንድ ክፍል ያህል ቦታ ብቻ ስለሆነ ተዳፋቱ አላሸነፋቸውም። እነዚህ ጨዋታዎች እንደ ስፖርት ተቆጥረው አያውቁም፤ ይህ ፍርድ ልክ አይመስልም። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የፊንላንድ ጥናት ቴኒስና ስኳሽ የሚጫወቱ ሴቶችን ክንድ መርምሮ ነበር። የሚመቱበት ክንድ አጥንት ከሌላኛው በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱ ግን የወር አበባ ከማየታቸው በፊት ወይም በዚያው ጊዜ በጀመሩት ዘንድ ዘግይተው ከጀመሩት እጥፍ ገደማ ነበር። አጥንት የሚጠነክርበት ወቅት አለው ማለት ነው፤ ሲያልፍ በጉልምስና የሚደረግ ልፋት ያን ያህል አይመልሰውም። ከጠዋት እስከ ማታ ሱዚ የምትዘል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያንን ወቅት እየተጠቀመችበት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድርጅቱ የ2016ን (እ.ኤ.አ.) መረጃ ሲያጠናቅር ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ታዳጊዎች 81 በመቶው ከዚህ በታች ሆነው ተገኙ። ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ፣ ተራራ ወጥቶ ትምህርት ቤት ለሚደርስ የገጠር ልጅ ይህ ቁጥር የሌላ ዓለም ወሬ ነው። በባጃጅ ተመላልሶ ማታ ስልክ ላይ ለሚያቀረቅረው የከተማ ልጅ ግን አይደለም፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለቱም አሉ።

እዚህ ላይ ጎረቤቱን አርሲን ማየት ይጠቅማል። ምዕራብ ሐረርጌና አርሲ ይዋሰናሉ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ ከመቶ በላይ የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን የጠየቀ ጥናት የረጅም ርቀት ሯጮቹ በብዛት ከአርሲና ከሸዋ መሆናቸውን፣ ከሌላውም ሰው ይልቅ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ እየሮጡ ይሄዱ እንደነበር አሳይቷል። የጨርጨር ልጅም ይሮጣል። ከፍታውም አለ፤ ከጭሮ በላይ የደጋ አጋዘን የሚኖርበት የኩኒ ሙክታር ተራራ አለ። ታዲያ ስሙ ለምን ከአርሲ ጋር እኩል አልወጣም? የአርሲዋ ከተማ በቆጂ ያላትና ሌላው ያላገኘው አንዱ ነገር ሰው ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ልጆቹን በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እያዩ ይመርጡ ነበር። በ1992 (እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ በእሳቸው እጅ ካለፉት ናቸው። ከፍታን ማንም አይሠራውም፤ በየትምህርት ቤቱ ዓይን ያለው መምህር ማስቀመጥ ግን የሚቻል ነገር ነው።

የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሥርዓተ ትምህርቱ አለ። ፈተና ሲቃረብ ግን መጀመሪያ ለሌላ ትምህርት የሚሰጠው እሱ ነው፤ አንድ ኳስ ለስልሳ ተማሪ ሲሆንም ጠንካሮቹ ይጫወታሉ፣ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። ጥቅሙን ይበልጥ የሚፈልገው ዳር የቆመው ነው።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ተቀናቃኝ ጫት ነው። ገለምሶ፣ ሂርና፣ ጭሮ በቡናና በጫት የሚኖሩ ከተሞች ናቸው፤ ለልጆች ማሊያና ጫማ የሚገዛው ገንዘብም ከዚያው ይመጣል፤ ይህን ሳይሉ ጫትን መውቀስ ግብዝነት ነው። ግጭቱ የሰዓት ነው። ጫት የሚቃምበት በርጫ የሚደምቀው ከምሳ በኋላ፣ ልምምዱ የሚመቸውም ያኔ። ቅጠል የሚለቀምና የሚታሰርበት ቀን ሲሆን ልጁ ለሥራ ይፈለጋል፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሲሞላው ደግሞ ራሱ ከቃሚዎቹ ጋር ይቀመጣል። የሰፈር ቡድኖች በዚያ ዕድሜ የሚሳሱት ለዚህ ነው።

በአገሩ ሁሉ የሰፈር ለሰፈር ውድድር የሚጦፈው ክረምት ላይ ነው፤ ትምህርት ስለሚዘጋ። ሜዳው ያን ጊዜ ጭቃ ነው። ከጭቃው የበለጠ የሚያጨቃጭቀው ዕድሜ ነው። ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር ከተሰለፉ ትንሹ ልጅ ኳስ ሳይነካ ውሎ ይገባል፣ በሚቀጥለው ዓመትም አይመጣም። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እያስመረመረ ዕድሜያቸውን ይለያል። የሰፈር ኮሚቴ ያለው መሣሪያ ዓይኑ ብቻ ነው። ድሮ ለትምህርት የደረሰ ልጅ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጆሮ እንዲነካ ይደረግ ነበር፤ ለኳስ ግን ይህ አይሠራም፣ ሁሉም ይነካልና። ስለዚህ ቁመት ይታያል፣ ድምፅ ይሰማል፣ የከንፈር ላይ ጠጉር ይመረመራል፤ «አሥራ ሦስቴ ነው» ያለው ልጅም ታናሽ ወንድሙ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይጠየቃል።