ስለ ቪየና ከተማ፦ ቤተ መንግሥቷ፣ ሙዚቃዋና የቀብር ሥርዓቷ



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር፣ ስለ ሰፈራችንም ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ የመጻፉ ተራ ለኛ ስለ ደረሰ በኦስትሪያ አገር ዋና ከተማ በቪየና ስላየነውና ስላነበብነው ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አሰብን። ልጃችን በዚያ የምትኖር በመሆኗ ጠርታን አምስት ሳምንት ያህል ተቀምጠን፣ ቤተ መንግሥቱንም መቃብሩንም እየዞርን ተመልክተናል። «ቪየናና እድር ምን አገናኛቸው?» የሚል አባል ይኖር ይሆናል። ግንኙነትስ አላቸው። በዚያች ከተማ ንጉሡም፣ ዘፋኙም፣ ባሪያ ሆኖ የመጣውም ሰው ሲሞት ማን እንዴት ቀበረው የሚለው ታሪክ እኛ በየወሩ ተሰብስበን የምንመክርበት ጉዳይ ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

1ኛ/ ስለ ከተማይቱ

ቪየና በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለች የቆየች ከተማ ስትሆን በዛሬው ጊዜ 2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል። ሐብስበርግ የሚባለው የነገሥታት ቤተሰብ ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ከ600 ዓመት በላይ ኦስትሪያን ሲገዛ መቀመጫው በአብዛኛው ይህችው ከተማ ነበረች። ቱርኮች በ1529 እና በ1683 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ከበዋት ሁለቱንም ጊዜ ሳይዙዋት ተመልሰዋል። በሁለተኛው ከበባ ሕዝቡ ሁለት ወር ያህል ተጨንቆ ከቆየ በኋላ የፖላንድ ንጉሥ ሶብየስኪ ከጀርመን መሳፍንት ጦር ጋር ደርሶ ነፃ አወጣት።

ቱርኮች ጥለውት ከሄዱት መድፍ በ1711 ዓ.ም. ትልቅ ደወል ተሠርቶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ተሰቀለ። ደወሉ በ1945 ዓ.ም. በጦርነቱ መጨረሻ ካቴድራሉ ሲቃጠል ወድቆ ተሰባበረ። ስብርባሪውን አልጣሉትም፤ አቅልጠው በ1951 ዓ.ም. አዲስ ደወል ሠሩበት። ክብደቱ ከ20 ቶን በላይ ነው፤ የሚደወለውም በትላልቅ በዓላትና አዲስ ዓመት ሲገባ ነው። የካቴድራሉ ረጅሙ ግንብ 136 ሜትር ሲሆን መውጫው 343 ደረጃ አለው። እኛ ግን ጉልበታችን ስላልፈቀደ ከታች ሆነን አንጋጠን ማየቱን መረጥን።

2ኛ/ በጠገራ ብር ላይ ስላለችው ሴት

አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የሚሉትን ብር በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አባሎች ታስታውሱታላችሁ። ጥሎሽ የተጣለበት፣ በሬ የተገዛበት፣ ቀልጦም ለሴቶች ጌጥ የሆነ ብር ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች አይቶ ካልተሟሉ አልቀበልም ይል ነበር። ታዲያ በብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴት የዚህች ከተማ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ናት። ከ1740 እስከ 1780 ዓ.ም. 40 ዓመት ገዛች፤ 16 ልጆችም ወለደች። ከሞተች በኋላም ብሩ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ በየጊዜው ሲመታ ኖሯል። መቼም ሴትዮዋ አንድ ቀን እንኳ ሳትረግጠው በአገራችን ገበያ ሁሉ ስትዞር መኖሯ የሚያስደንቅ ነው።

የበጋ መኖሪያዋ የነበረው ሾንብሩን ቤተ መንግሥት 1,441 ክፍል አለው። ለጎብኝ የሚከፈተው ግን 40 ያህሉ ነው፤ እሱንም ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሞዛርት የሚባለው ታላቅ የሙዚቃ ሰው በ1762 ዓ.ም. ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለ በፊቷ የተጫወተው እዚህ ነው። በግቢው ውስጥ ያለው የአራዊት ማኖሪያ በ1752 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ካሉት በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል።

እኛን ከሁሉ የሳበን ግን የንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ክፍል ነው። ይህ ንጉሥ ከ1848 እስከ 1916 ዓ.ም. 68 ዓመት ነገሠ። በዚያ ሁሉ ወርቅና መስታወት መካከል የተኛው በተራ የብረት አልጋ ላይ ነው፤ የሞተውም በዚያው አልጋ ላይ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ፋይል ሲመረምር ይውል ነበር። ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት ስለ ጨረስን የጠረጴዛውን ነገር ሌላው ጎብኝ ካለፈ በኋላም ቆመን አየነው።

በመሐል ከተማ ያለው የክረምት ቤተ መንግሥት ሆፍቡርግ ይባላል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ዛሬም በዚያ ነው። ከሆፍቡርግ ጋር የተያያዘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በግዕዝ የተጻፉ የኛ አገር የብራና መጻሕፍትም አሉት። ቤልቬዴሬ የሚባለው ሌላው ቤተ መንግሥት ደግሞ ኦስትሪያ ከ10 ዓመት የአራት መንግሥታት ጦር አገዛዝ የወጣችበት ውል ግንቦት 15 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመበት ነው።

3ኛ/ ስለ ሙዚቃ

ሃይድን፣ ሞዛርት፣ ቤትሆቨንና ሹበርት የሚባሉት የሙዚቃ ሊቃውንት ሁሉም በቪየና ሠርተዋል። ከተማይቱም እስከ ዛሬ በስማቸው ትኖራለች ማለት ይቻላል። ትልቁ የኦፔራ ቤት በ1869 ዓ.ም. በሞዛርት ሥራ ተከፈተ። ይህ ቤት ሲሠራ ሕዝቡ መልኩን አልወደደውምና ጋዜጣውም ሐሜተኛውም ተረባረበበት። ከሁለቱ መሐንዲሶች አንዱ በ1868 ዓ.ም. ራሱን ገደለ፤ ጓደኛውም ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ታሞ ሞተ። ሁለቱም ምርቃቱን አላዩም። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ቤት ሰው ከዓለም ዳር እየመጣ «እንዴት ያምራል!» ይለዋል። ሐሜት ምን እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ቤቱ በመጋቢት 1945 ዓ.ም. በቦምብ ተቃጥሎ ነበር፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት የተጫወቱት የቤትሆቨንን ሥራ ነው።

የተቀማጩ ዋጋ ለጡረተኛ የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ቆሞ ለሚሰማ ሰው በትንሽ ዋጋ የሚሸጥ ቦታ ስላለ ተማሪውም ሽማግሌውም ይገባል። ቋንቋውን ባንሰማም በሦስት ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሳል እንኳ ሳያሰማ ሲያዳምጥ አይተናል። በስብሰባችንም ላይ ይህን ብናይ ደስ ባለን!

4ኛ/ ንጉሡ ያወጣው የቀብር ደንብና የሞዛርት መቃብር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የማርያ ቴሬዛ ልጅ ዮሴፍ 2ኛ አዋጅ ማውጣት የሚወድ ንጉሥ ነበር። በከተማው ውስጥ መቀበር በሽታ ያመጣል ብሎ መቃብሮቹን ወደ ውጭ አስወጣ፤ ይህ መልካም ነው። በ1784 ዓ.ም. ግን ሬሳ ያለ ሳጥን በከረጢት ተሰፍቶ ይቀበር፣ ሳጥን የሚያስፈልገው ለመውሰጃ ብቻ ነው የሚል ደንብ አወጣ። ለዚህም ከሥሩ በር ያለው ሳጥን ተሠራ። መቃብሩ አፍ ላይ ሲደርስ በሩ ይከፈትና ሬሳው ይወርዳል፤ ሳጥኑ ለሌላ ሰው ይመለሳል። ዓላማው እንጨት ለመቆጠብና ሬሳው ቶሎ አፈር እንዲሆን ነው። በሒሳብ ቢታይ ቁጠባ ነው። ሕዝቡ ግን ጮኸ፤ አልቀበልም አለ። ንጉሡም ዓመት ሳይሞላው በጥር 1785 ዓ.ም. ደንቡን አነሣ። ሳጥኑን ዛሬ በከተማይቱ የቀብር ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል። እውነት ነው፣ እኛም አገር ቃሬዛው የጋራ ነው። ነገር ግን የራስን ሰው በእጅ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ማውረድና በበር አውርዶ መጣል አንድ አይደለም። ሕዝቡ የተቆጣውም ለእንጨቱ ሳይሆን ለክብሩ ይመስለናል።

ሞዛርት በታኅሣሥ 5 ቀን 1791 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ ሞተ። የቀብሩ ወጪ በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል፤ 8 ጉልደን ከ56 ክሮይሰር ሲሆን ለጋሪው ደግሞ 3 ጉልደን ተከፍሏል። ብዙ ሰው እንደ ለማኝ ተጣለ ይላል፤ እንደዚያ አይደለም። የተቀበረው በዚያን ጊዜ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው በሚቀበርበት ደረጃ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። መቃብሩ ከከተማ ውጭ በመሆኑ ቀባሪ እስከዚያ ድረስ መሸኘት ልማድ አልነበረም። በመቃብሩም ላይ ምልክት አልተደረገም፤ ቦታው ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሌላ ሬሳ ይሰጥ ነበር። ሚስቱ ከ17 ዓመት በኋላ በ1808 ዓ.ም. ልትፈልገው ብትሄድ የሚያሳያት አላገኘችም። ዛሬ በዚያ መቃብር ያለው ሐውልት በግምት የቆመ ነው። ወጪው እስከ ክሮይሰሩ ተጽፎ ሳለ ቦታው ግን አልተጻፈም!

ቤትሆቨን በ1827 ዓ.ም. ሲሞት ከ10 ሺህ የማያንስ ሰው እንደ ሸኘው ተጽፏል። ችቦ ይዘው ከሸኙት አንዱ ሹበርት ነበር። እሱም በዓመቱ በ31 ዓመቱ ሞተና አጠገቡ ተቀበረ። በ1888 ዓ.ም. የሁለቱም አጽም በ1874 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ ማዕከላዊው መቃብር ተዛውሮ ዛሬም ጎን ለጎን ናቸው። በዚህ መቃብር የተቀበረው ሰው ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል፤ በከተማይቱ ካለው ነዋሪ ይበልጣል ማለት ነው። በውስጡ አውቶቡስ የሚሄድበት መቃብር ስናይ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

5ኛ/ ቀብር ስለ ተነፈጋቸው ሁለት ሰዎች

ሃይድን በ1809 ዓ.ም. ሞቶ ከተቀበረ በኋላ፣ የራስ ቅል በመለካት የሰው ችሎታ ይታወቃል የሚሉ ሰዎች ለመቃብር ቆፋሪው ጉቦ ሰጥተው ራሱን ቆርጠው ወሰዱ። በ1820 ዓ.ም. ልዑል ኤስተርሃዚ አጽሙን ወደ አገሩ ወደ አይዘንሽታት ለመውሰድ ቢያስቆፍር ራስ የለም። ሌቦቹም የሌላ ሰው ራስ ሰጥተው አታለሉት። እውነተኛው ራስ ከሰውነቱ ጋር የተገናኘው በ1954 ዓ.ም.፣ ከ145 ዓመት በኋላ ነው።

የሁለተኛው ሰው ታሪክ ይብሳል። አንጌሎ ሶሊማን የሚባል አፍሪካዊ በሕፃንነቱ ባሪያ ሆኖ ወደ አውሮፓ ተወሰደ። በኋላ በቪየና በልዑል ሊክተንሽታይን ቤት አገለገለ፤ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፣ የተማረ፣ በመኳንንቱ ዘንድ የተከበረ ሰው ሆነ። ሃይድን አባል በሆነበት ማኅበር እሱም አባል ነበር። አግብቶ ዮሴፊን የምትባል ልጅ ወለደ። በኅዳር 1796 ዓ.ም. ሲሞት ግን በንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ 2ኛ ፈቃድ ቆዳው ተገፍፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ላባና ዛጎል ለብሶ በቤተ መንግሥቱ የአራዊት ስብስብ መካከል ለተመልካች ቆመ። በሕይወቱ ላባ ለብሶ የማያውቅ ሰው ነው! ልጁ አባቴን መልሱልኝና ልቅበረው ብላ ለመነች፤ ካህናትም ተቃወሙ፤ የሰማ የለም። በጥቅምት 1848 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ሰው ወዳጅ ነበረው፣ ማኅበር ነበረው፣ ልጅ ነበረችው። በሞተ ቀን ግን «ይህ የኛ ሰው ነው፣ አንሰጥም» ብሎ ሬሳው ፊት የቆመ ጉልበት ያለው ማኅበር አልነበረውም። ቤተ መንግሥት ሙሉ ወዳጅ አንድ ጡሩንባ ነፊ ያለውን ደሀ ሰፈር አይተካም።

6ኛ/ በነገሥታቱ መቃብር

ነገሥታቱ የሚቀበሩት ካፑቺን በሚባሉ መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። 150 ያህል የቤተሰቡ ሰዎች በዚያ አሉ። ማርያ ቴሬዛ ከባልዋ ጋር በትልቅ የተቀረጸ ሣጥን ውስጥ ናት። ባልዋ በ1765 ዓ.ም. ከሞተ ጀምሮ እስክትሞት 15 ዓመት ከል አልጣለችም። በእግርጌዋ ልጅዋ ዮሴፍ በተራ የመዳብ ሣጥን ተኝቷል፤ ለሰው ያወጀውን ቁጠባ ለራሱም አልናቀውም ማለት ነው። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነች በዚያ የተቀበረች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ማርያ ቴሬዛን ያሳደገች ሞግዚቷ ናት። እንደ ቤተሰብ ናትና ከኛ ጋር ትሁን ብላ ያስቀበረቻት ራስዋ ማርያ ቴሬዛ ናት።

በ2011 ዓ.ም. የመጨረሻው ንጉሥ ልጅ ኦቶ ሲቀበር የታየውን ሥርዓት እንንገራችሁ። አስከሬኑ በር ላይ ሲደርስ ይንኳኳል። መነኩሴው ከውስጥ ማን ነው ይላል። የመሳፍንትነቱ ማዕረግ ሁሉ ይቆጠርለታል፤ አናውቀውም ይባላል። ዳግመኛ ይንኳኳል፤ የሠራው ሥራና የተማረው ትምህርት ይቆጠራል፤ አሁንም አናውቀውም ይባላል። በሦስተኛው ኦቶ የሚባል ሟች ኃጢአተኛ ሰው ነው ሲባል በሩ ይከፈታል።

ማሳሰቢያ

አባሎች ሆይ! ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ለጠቅላላ ጉባኤው ብናቀርብ ደስ ይለናል። አንደኛ፣ መዝገባችን ላይ የሟች ስም፣ ቀኑና የወጣው ገንዘብ ይጻፋል፤ የመቃብሩ ቦታና ምልክቱም በአንድ ዓምድ ይጨመር። ወረቀትና ቀለም ነው እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ በሰፈራችን በኪራይ የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው፣ መዋጮም ያልከፈለ ሰው ሲሞት ደንቡ ምን ይላል እያልን ደጁ ላይ ቆመን ስንከራከር መዋል ይቅር። አስቀድመን ተመካክረን ትንሽ ገንዘብ ለዚህ እንመድብ፤ ቃሬዛውም ድንኳኑም ይውጣለት። በሦስተኛው ማንኳኳት በሩ የሚከፈተው ሰው ነው በመባል ብቻ ነውና።

ፈጣሪ ለመጪው ዓመት በጤና ያገናኘን።