ማክሰኝት በሜሪላንድ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ የእናቴን ነገር ላጫውታችሁ። ማክሰኝት ተወልዳ፣ ማክሰኝት ተድራ፣ እኛን ሁሉ እዚያው ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት፤ የመጨረሻ ዓመታቷን ግን ያሳለፈችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ነርሲንግ ሆም ነው። ማክሰኝትን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ ጠዳን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ጣና ሩቅ አይደለም። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ውኃ የጠገበው ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ ይዘራበታል።

ሐኪም ዘንድ የወሰድናት ለት የማስታወስንና የማሰብን ችሎታ የሚመዝን፣ ሰላሳ ነጥብ የሚታሰብበት መጠይቅ ወጣ። ፎልስታይን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ነው፤ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። አስተርጓሚዋ በስልክ ናት።

«ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?»

«ዘመነ ማርቆስ።»

«ዛሬስ ቀኑ?»

«የጥቅምት መድኃኔዓለም አይደለም እንዴ?»

«ወቅቱስ?»

«ጤፉ አጨዳ ሊደርስ ነዋ!»

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ በልቤ እቆጥራለሁ። ዘመኑ ማርቆስ ነው፤ ቀኑ ጥቅምት 27 ነው፤ ማክሰኝት ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። አንድም አልሳተችም። ወረቀቱ ላይ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ተጻፈ። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ይህን ሥዕል አስመስለሽ ሣይ ተባለች፤ እርሳስ ጨብጣ የማታውቅ ሴት! እኔ ይህን አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሰው የሚያውቀውን ሳይጠይቁት ረሳ ማለት ፍርድ አይደለም።

መታመሟስ ታማለች። እኛ ያወቅነው ግን በሌላ ነው። የጥር አስተርእዮ ማርያምን ዝክር በዕድሜዋ አስታጉላ አታውቅም፤ አሜሪካ እንኳ መጥታ ጠላው ቢቀር ዳቦውን ትደፋ ነበር። አንድ ዓመት ጥር 21 መጣ፣ አለፈ፣ ዝም አለች። እኅቴ «እማዬ፣ ማርያምን እኮ አልዘከርሽም» ብትላት፣ «የቷን ማርያም?» አለች። የዚያን ለት ቤታችን ውስጥ እህል የቀመሰ የለም።

አገር ቤት ቢሆን «ጃጀች» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገሩ ግን እርጅና ብቻ አይደለም፤ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አሎይስ አልዛይመር የሚባል ሐኪም ወደ ሆስፒታል የመጣች የ51 ዓመት ሴት ስሟንና የባሏን ስም ሲጠይቃት ይምታታባት ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን መረመረ፤ በሴሎቹ መካከል የተጋገረ ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተወሳሰበ ክር መሳይ ነገር አገኘ። በሽታው በስሙ ተጠራ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ ሂፖካምፐስ የተባለው፣ አዲስ ነገር የምንይዝበት የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ትናንት ይጠፋል፤ የልጅነት ነገር ግን ብዙ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖር ነው።

ሌሊት በር ከፍታ በረዶ ላይ መውጣት ስትጀምር፣ ነርሲንግ ሆም አስገባናት። ከአገር ቤት ዘመድ ደወለ፤ «እናትህን ጣልሃት!» አለኝ። አልፈርድበትም። በእኛ አገር የአረጋውያን ማእከል የሚገባ ሽማግሌ ጧሪ ያጣ ነው ተብሎ ይታሰባል። አዲስ አበባ ላይ ቢንያም በለጠ ያቋቋመው መቄዶንያም የሚታወቀው አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ ነው። ልጅ እያላት እናት እንዴት እዚያ ትገባለች? እንዴትማ ትገባለች! ግን እኔ የሌሊት ፈረቃ፣ እኅቴ የቀን ፈረቃ ነን፤ በሩን ማን ይጠብቅ?

እግዜር ይስጠው፣ ረዳቶቹ መካከል የእኛ ሰው አልጠፋም። በዋሽንግተን ዙሪያ የሰው እናት አጥባ፣ አልብሳ፣ አጉርሳ የምታድር አበሻ ሴት ብዙ ናት። የእናቴ ረዳት የደብረ ታቦር ልጅ ነበረች። «እማማ፣ ይነሡ እስቲ፣ ፊትዎን ላብስዎት» ስትላት እናቴ እጇን ትሰጣታለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ሲመጡ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች።

እኔን የረሳችኝ ለት እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። አልጮኸችም፣ «ማነህ?» አላለችም። አንቱ አለችኝ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፤ ቤት የእግዜር ነው» አለች። ወዲያው ወደ ረዳቷ ዞራ፣ «ለእንግዳው የሚቀመስ አምጭላቸው እንጅ!» አለች። «እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ» ብላት በትሕትና ሣቀች፤ «ይባርክዎት፣ እርስዎንስ የወለደች ታድላ» አለችኝ። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስሁ። ተመልሼ ገብቼ ግን እንግዳ ሆንሁ፤ ከዚያ ወዲያ በሄድሁ ቁጥር በእንግዳ ወግ «እንደምን ሰነበቱ» እያልሁ እገባለሁ፤ ደስ ይላታል።

ቀን ላይ ሰላም ናት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው ጭንቁ የሚመጣው። ሐኪሞቹ በዚህ በሽታ የተለመደ ነው ይላሉ፤ ምሽት ሲሆን ሕሙማኑ ይቁነጠነጣሉ። እሷ ግን የምትሄድበት ነበራት። «ጥጆቹ አልገቡም» ብላ ትነሣለች። «ቡሬ የለም፤ ቡሬን አያችሁት?» ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች። ሄሊኮፕተር ካለፈ ደግሞ ረዳቷን ጎትታ አልጋ ሥር ልታስገባት ትታገላለች።

የእጇ ነገር ይገርማችኋል። እኅቴ ከጎንደር ባዘቶና እንዝርት አስመጣችላት። የእኅቴን ስም ከረሳች ቆይታለች። እንዝርቱን ግን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ለቀቀችው፤ ግራ እጇ ባዘቶውን ከፍ አድርጎ ሳበ፤ ክሩ ሳይበጠስ ወረደ። በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይህ ላልቷል፤ ለማግ እንጅ ለድር አይሆንም» አለች። እጅ የለመደው ሥራ ሂፖካምፐስ ዘንድ አይደለም የሚቀመጠው፤ ስለዚህ በሽታው ዘግይቶ ይደርስበታል። በዚያ መጠይቅ ላይ እንዝርት ቢኖር ኖሮ!

ስትሞት አስከሬኗን ይዘን ማክሰኝት ገባን። ለቅሶው ላይ ከእሷ በዕድሜ ከፍ የሚሉ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ሕመሟ ጠየቁኝ። ስለ ጥጆቹ ነገርኋቸው። ቡሬ ስል እጄን ያዙኝ።

ለካ ነገሩ የጦርነቱ ጊዜ ነው። ከጎንደር ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ላይ የነበረው የጣሊያን ምሽግ፣ ቁልቋል በር፣ የተያዘው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሚካኤል ነው ዕለቱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንቶች አውሮፕላን ሲያጓራ፣ ጥጃ የሚጠብቁ ሕፃናት እየተበተኑ ጢሻ ይገቡ ነበር።

«እኔና እሷ አንድ ላይ ነበርን» አሉኝ። «ጥጆቹ ደነበሩ። ማታ ሌሎቹ ገቡ፤ ቡሬ ቀረ። አባቷ ምንም አላላት፤ እሷ ግን በነጋታውም፣ በሠልስቱም እያለቀሰች ስትፈልግ ሰነበተች። አላገኘነውም።»