የማያቃጥለው በርበሬ

በርበሬ ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ማቃጠሉ ነው። የሕንዱ ባያድጊ ግን ገበያ የወጣው በቅላቱ ነው፤ ብዙም አያቃጥልም። ስሙን የወሰደው ካርናታካ ውስጥ ካለች የገበያ ከተማ ነው። ደርቆ ይፈጫል፣ ቀለሙም ተለይቶ ወጥቶ ለምግብ ፋብሪካዎች ይሸጣል (ለሊፕስቲክም ጭምር!)። በርበሬ ራሱ ለሕንድ መጤ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቹጋሎች ናቸው ያመጡት።

ታዲያ ቅላት ገንዘብ ሲሆን አጭበርባሪ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሪታንያ ውስጥ ከ400 በላይ የምግብ ምርቶች ከመደርደሪያ የወረዱት ሱዳን 1 የተባለ የፋብሪካ ማቅለሚያ በተቀላቀለበት የበርበሬ ዱቄት ሰበብ ነው። ባያድጊ በ2011 በትውልድ ቦታው የተመዘገበ የንግድ መለያ አገኘ። መለያው ግን ለገበሬው ዋጋ አላስጠበቀም። በማርች 2024 ዋጋው ሲያሽቆለቁል፣ የተቆጡ ገበሬዎች የገበያውን ጽሕፈት ቤት ሰብረው መኪኖች አቃጠሉ።