«ምክር» ወይስ «ትእዛዝ»? የአውሮፕላን ግጭት ማስቀሪያ መሣሪያዎች ታሪክና የስያሜያቸው ጉዳይ

የአውሮፕላን ግጭት ማስቀሪያ መሣሪያዎችን የሚመለከቱ ሙያዊ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች በቀላሉ ይደባለቃሉ። እነርሱም መሣሪያው አካባቢውን የሚያውቅበት ክፍል፣ አደጋ መቃረቡን የሚያስታውቅበት ምልክት፣ እንዲሁም አብራሪው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገርበት ቃል ናቸው። ሦስቱን ለይቶ መሰየም ለቋንቋ ጥራት ሲባል ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን የመሣሪያዎቹ ታሪክ ስለሚያስረዳ፣ ስለ ስያሜው ከመነጋገራችን በፊት ታሪኩን እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአየር ሳይሆን በውሃ ላይ ነው። ክርስቲያን ሁልስማየር የተባለ ጀርመናዊ በግንቦት 1904 በኮሎኝ ከተማ፣ በራይን ወንዝ ድልድይ ላይ አንድ መሣሪያ ለተመልካች አቀረበ። መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከመርከብ ገላ ነጥሮ ሲመለስ ደወል ይደውላል። ዓላማው መርከቦች በጭጋግ ውስጥ እንዳይጋጩ ነበር። ፈልሳፊው «ቴሌሞቢሎስኮፕ» ብሎ ሰየመው፤ በሩቅ የሚንቀሳቀሰውን መመልከቻ እንደ ማለት ነው። መሣሪያው ግን ምንም አይመለከትም ነበር፤ የሚያውቀው «አንድ ነገር አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ገዢም አላገኘም፤ ስሙም አብሮት ተረሳ። በ1940 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የቀመረው «ራዳር» በአንጻሩ ሳይተረጎም በየቋንቋው ገባ። በእኛም ዘንድ ራዳር ራዳር ነው፤ አቻ ፍለጋ መድከም አያሻም።

በአየር ላይ ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው ሰኔ 30 ቀን 1956 በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ላይ ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጆን ሞረል የተባሉት የቤንዲክስ ኩባንያ ሊቅ ጥያቄውን ከርቀት ወደ ጊዜ አዞሩት። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበሩ በመካከላቸው ያለው 10 ኪሎ ሜትር በ20 ሴኮንድ ያልቃል። አንደኛው ሌላውን ከኋላ እየተከተለ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀድመው ግን ያው 10 ኪሎ ሜትር 1,000 ሴኮንድ ይቆያል። ስለዚህ ርቀቱ ለመቃረቢያው ፍጥነት ተካፍሎ የሚገኘው ቀሪ ጊዜ የመሣሪያዎቹ ሁሉ መሠረት ሆነ። ከዚህ የተነሣ «የርቀት ማስጠንቀቂያ» የሚል ስያሜ ከመነሻው ስሕተት ነው።

በዚያው ዘመን ከምድር ጋር የሚደረገው ግጭት ብዙ ሕይወት ያጠፋ ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 አንድ ቦይንግ 727 በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ሞቱ። የምርመራው ውጤት የቋንቋን ሰው ሊያስደነግጥ የሚገባው ነው። ተቆጣጣሪው ለማረፍ እንዲቀርቡ ሲፈቅድላቸው አብራሪዎቹ «ወደ 1,800 ጫማ መውረድ ትችላላችሁ» የተባሉ መሰላቸው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ያንኑ ሐረግ በሌላ ፍቺ ይጠቀሙበት ነበር። አንድ ሐረግ በሁለት ሙያዎች መካከል ሁለት ፍቺ ይዞ ለዓመታት ኖሯል። ዶናልድ ቤትማን የተባሉት መሐንዲስ የሠሩት፣ ከሬዲዮ ከፍታ መለኪያ እየተነሣ ምድር መቃረቧን የሚያስታውቅ መሣሪያ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። መሣሪያው ይናገራል፤ በመጨረሻው ሰዓት «ፑል አፕ» ይላል፤ አፍንጫውን ቀና አድርግ ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ በኅዳር 1993 በቻይና ኡሩምቺ አቅራቢያ 12 ሰዎች በሞቱበት አደጋ፣ መሣሪያው ይህንኑ እየጮኸ ሳለ ከአብራሪዎቹ አንዱ የቃሉን ትርጉም በቻይንኛ ሲጠይቅ በድምፅ መቅጃው ተሰምቷል። ዳሳሹ ሠርቷል፤ ድምፁም ወጥቷል፤ የጎደለው ፍቺ ነበር።

በአውሮፕላኖች መካከል ለሚደርሰው ግጭት የሚሆነው መሣሪያ ግን ዘገየ። በ1978 በሳን ዲዬጎ 144፣ በ1986 በሴሪቶስ 82 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1987 በሕግ አስገደደው። ቲካስ የሚባለው ይኸው መሣሪያ በዙሪያው ያሉትን አውሮፕላኖች እየጠየቀ መልሳቸውን ይሰማል፤ በሁለት ደረጃም ይናገራል። በመጀመሪያ ሌላ አውሮፕላን መቃረቡን ያስታውቃል። ቀጥሎ፣ እንደ ከፍታው ከ15 እስከ 35 ሴኮንድ ሲቀር፣ «ከፍ በል» ወይም «ዝቅ በል» ይላል። በእንግሊዝኛው ሁለቱም ደረጃዎች «አድቫይዘሪ» ተብለዋል፤ በቃል በቃል ትርጉም «ምክር» ማለት ነው። አማርኛችን ውስጥ ምክር የተሰጠው ሰው ለመቀበልም ላለመቀበልም ነፃ ነው፤ ክርክሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት በደቡብ ጀርመን በኡበርሊንገን ሰማይ አንድ የሩሲያ ቱፖሌቭና አንድ የጭነት ቦይንግ 757 በአንድ ከፍታ ተገናኙ። የዙሪክ ተቆጣጣሪ ቱፖሌቩን «ዝቅ በል» አለው፤ የራሱ መሣሪያ ደግሞ «ከፍ በል» አለው። የቦይንጉ መሣሪያ በተራው «ዝቅ በል» ብሎ ነበር። ቱፖሌቩ ሰውየውን፣ ቦይንጉ መሣሪያውን ሰምተው ሁለቱም ወረዱ፤ 71 ሰዎች ሞቱ። የጀርመን መርማሪዎች ካገኟቸው መንስኤዎች አንዱ መሣሪያውን የሚመለከቱት ዓለም አቀፍና አገር አቀፍ ደንቦች፣ የአምራቹና የአየር መንገዶቹ መመሪያዎች ያልተሟሉና በከፊልም እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ መሆናቸው ነው። የቱፖሌቩ መመሪያ የተቆጣጣሪውን ቃል ዋና፣ መሣሪያውን ግን ተጨማሪ ረዳት አድርጎ ያቀርብ ነበር። «ምክር» የሚል ስም ለያዘ ነገር ይህን ደረጃ መስጠት የሚያስገርም አይደለም። በኋላ ደንቡ ተስተካክሎ፣ አውሮፕላኑን ለአደጋ የሚያጋልጥ ካልሆነ በስተቀር፣ መሣሪያው ከተቆጣጣሪው ጋር ቢቃረንም መሣሪያው እንዲሰማ ተደነገገ። ስሙ ግን ዛሬም «አድቫይዘሪ» ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። መሣሪያው አብራሪው የመውጣቱን ወይም የመውረዱን ፍጥነት እንዲቀንስ ሲፈልግ «አቀባዊ ፍጥነትህን አስተካክል» የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። ወዴት እንደሚስተካከል ግን ቃሉ አይናገርም፤ አብራሪው ከመለኪያው ላይ ማንበብ አለበት። ተቃራኒውን ያደረጉ አብራሪዎች በተደጋጋሚ ስለተገኙ በ2008 በጸደቀው 7.1 እትም ድምፁ «ሌቭል ኦፍ»፣ ማለትም «ከፍታህን ጠብቀህ ብረር» በሚለው ተተካ። ዳሳሹ ያው ነው፤ በቃል ለውጥ የአውሮፕላን ደኅንነት ሲሻሻል ማየት ለእኛ ሙያ ትንሽ ኩራት ነው።

በርቀት መቆጣጠሪያ የሚበሩት ትንንሽ ሞዴል አውሮፕላኖች ሌላ መንገድ ተከትለዋል። ሜይናርድ ሂል የተባሉት አሜሪካዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠቀሙት በአየር ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ነው። በጥሩ ቀን የኤሌክትሪክ ኃይሉ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ወደ 100 ቮልት ያህል ስለሚጨምር፣ አንደኛው ክንፍ ዝቅ ካለ በሁለቱ ክንፎች ጫፍ የሚለካው ይለያያል፤ በዚህም አውሮፕላኑ ራሱን ያቃናል። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ሰማይ ከምድር ይልቅ ቀዝቃዛ መሆኑን በታሕተ ቀይ ጨረር እየለዩ ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ። በ2016 ለገበያ የቀረበው ፋንተም 4 የተባለው ሰው አልባ በራሪ በፊቱ ባሉት ሁለት ካሜራዎች እንቅፋት ሲያይ ራሱ ይቆማል። እነዚህ ሁሉ ለማንም አይመክሩም፤ ማንንም አያዙም፤ ዐውቀው ያደርጋሉ። ስለዚህ በእነርሱ ላይ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል አይገባም።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለሚያውቀው ክፍል «ዳሳሽ» የሚለውን እንመርጣለን። መዳሰስ የእጅ ሥራ ነው፣ ሞገድ ግን አይነካም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ዐይነ ስውር መንገዱን በበትር ይዳስሳል፤ «የዳሰሳ ጥናት» የሚለውም ቃሉን ከእጅ ካወጣው ቆይቷል። «ሕዋስ» ለስሜት ይስማማ ነበር፤ ሥነ ሕይወት ግን ወስዶታል። «አነፍናፊ» ውሻን ያስታውሳል። ለመጀመሪያው ደረጃ ድምፅ «ማስጠንቀቂያ»፣ ለሁለተኛው ያለ ማመንታት «ትእዛዝ» እንላለን። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ስም ታማኝ ሆኖ «ምክር» ቢለው ለቃሉ ታምኖ ለደንቡ ሳይታመን ይቀራል። የመሣሪያው ጠቅላላ ስምም ከ«ፀረ ግጭት» ይልቅ «ግጭት ማስቀሪያ» ቢሆን ይሻላል፤ «ፀረ» እንደ ፀረ ተባይ የሚያጠፋውን ነገር በፊቱ ይፈልጋል፤ ይህ መሣሪያ ግን ሥራው ነገሩ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው።

የቀረው ችግር «ግጭት» ራሱ ነው። በሙያው ቋንቋ ሁለት አውሮፕላኖች ገላ ለገላ መላተማቸው አንድ ነገር፣ ወደ አንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ማምራታቸው ሌላ ነገር ነው፤ አማርኛው ግን ሁለቱንም፣ የባልና የሚስትን ጠብ ሳይቀር፣ ግጭት ይላቸዋል። ለመጀመሪያው ግጭትን ትተን ለሁለተኛው «ሽሚያ» የሚለውን እናቀርባለን። አደጋው ካለፈ በኋላ መሣሪያው የሚያሰማው «ክሊር ኦቭ ኮንፍሊክት» በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ሽሚያው አልፏል» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።