መድኃኒትን «የለመደ» ተውሳክ፦ ከሐርጌሳው የኮሌራ ወረርሽኝ ታሪክ የምንማረው

በመጋቢት ወር 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) ከሐርጌሳ ከተማ አጠገብ በነበረው የጋኔት የስደተኞች ሠፈር የኮሌራ በሽታ ተቀሰቀሰ። ሐርጌሳ ያን ጊዜ በሶማሊያ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ የሶማሌላንድ መዲና ናት። በሠፈሩ ተጠልለው የነበሩት ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው የመጡ፣ ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች የሚገመት ሰዎች ነበሩ። ሰው እጅግ በተጨናነቀበት፣ ንጹሕ ውሃም በማይበቃበት ሥፍራ በሽታው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በዚያው ዓመት በሶማሊያ በኮሌራ የሞተው ሰው ከአንድ ሺህ በላይ ነበር።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ኀዘኑን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ቀንድ ከበሽተኞች የተሰበሰበው የኮሌራ ተውሳክ በቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ ዋነኛ መድኃኒት የነበረውን ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋም ዘር በመካከሉ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ተውሳክ በጤና ጣቢያም ሆነ በክፍል ውስጥ «መድኃኒቱን የለመደ» ወይም «የተላመደ» እንለዋለን። ቃሉ ለአነጋገር ይመቻል፤ ተማሪን ግን ያሳስታል። የቆላ ሰው ደጋ ወጥቶ ብርዱን ሲለምድ፣ የሚለምደው ያው ሰው ራሱ ነው። የተውሳኩስ ነገር እንዲሁ ነውን?

የተውሳኩ የዘር ሐረግ

የኮሌራ ተውሳክ ጎበጥ ያለች ዘንግ የሚመስል፣ ባለ አንድ ሕዋስ ባክቴሪያ ነው። «ኤል ቶር» የሚባለው ዓይነቱ ስሙን ያገኘው በሲና ካለው የኤል ቶር ኳራንቲን ጣቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ከመካ ሲመለሱ በዚያ ከቆዩ ተጓዦች ተለይቶ ታወቀ። ይኸው ዓይነት በ1961 ከኢንዶኔዥያዋ የሱላዌሲ ደሴት ተነሥቶ ሰባተኛውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ አስከተለ። በ1970 ወደ አፍሪካ ገባ፤ በዚያኑ ዓመት ኢትዮጵያንና ሶማሊያንም አዳረሰ።

በእኛ አገር ዘር በሰባት ቤት እንደሚቆጠር፣ ሳይንቲስቶችም የተውሳኩን ዘር ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡትን ተውሳኮች በማነጻጸር፣ የሰባተኛው ወረርሽኝ ተውሳኮች ከአንድ የጋራ ምንጭ የወረዱ መሆናቸውን አሳይቷል። በዘር ጽሑፋቸውም ላይ በዓመት በአማካይ ሦስት ያህል የፊደል ለውጦች ሲከማቹ ኖረዋል። ዝግመተ ለውጥ በጥንት ዘመን ብቻ የተፈጸመ ነገር ሳይሆን፣ በዕድሜያችን የሚቆጠር ሂደት ነው።

የገልባጭ ስሕተት

ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። በተከፈለ ቁጥር አራት ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የዘር ጽሑፉን (ዲ.ኤን.ኤ.ውን) መገልበጥ አለበት። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይገድፋል። ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ይህ ግድፈት ሙቴሽን ይባላል።

አንድ የተወሰነ ፊደል በአንድ ግልበጣ የመሳሳቱ ዕድል ከቢሊዮን አንድ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ኮሌራ የጸናበት ሰው ግን በቀን ከ10 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ተውሳክ ቢኖር፣ በ10 ሊትር ውስጥ 100 ቢሊዮን ይሆናል። እንግዲህ በአንድ በሽተኛ አካል ውስጥ ከአራት ሚሊዮኑ ፊደላት እያንዳንዱ በአንዱ ወይም በሌላው ተውሳክ ላይ ተገድፎ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። አብዛኛው ግድፈት አይጠቅምም፤ አንዳንዱም ይገድላል። ጥቂቱ ግን በልዩ ሁኔታ ይበጃል። ለምሳሌ ናሊዲክሲክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት ለመቋቋም የአንዲት ፊደል መለወጥ ሊበቃ ይችላል።

መድኃኒቱ ያስተምራል ወይስ ይመርጣል?

ግድፈቱ የሚመጣው መድኃኒቱ ስላስገደደው ነውን? ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 በባክቴሪያና ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ይህን ፈተኑ። በብዙ ትናንሽ ብልቃጦች ባክቴሪያን ለየብቻ አራብተው በመጨረሻ ከቫይረሱ ጋር አገናኙ። መቋቋምን ያስተማረው ቫይረሱ ቢሆን ኖሮ፣ ከየብልቃጡ የሚተርፈው ቁጥር ተቀራራቢ በሆነ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ከአንዳንዱ ምንም አልተረፈም፣ ከሌላው ግን እጅግ ብዙ ተረፈ። ለውጡ ከግንኙነቱ በፊት በአጋጣሚ ተፈጥሮ ነበር፤ ቀደም ብሎ የተፈጠረበት ብልቃጥ ብዙ ተራቢ አገኘ።

ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ ደግሞ በ1952 ከፋይ ጨርቅ እንደ ማኅተም በመጠቀም፣ በአንድ ሳሕን ላይ የበቀለውን ባክቴሪያ ሥፍራውን ሳይለቅ ወደ ሌሎች ሳሕኖች ገለበጡ። በዚህ ዘዴ መድኃኒት ፈጽሞ ካልነካው ሳሕን ላይ መድኃኒትን የሚቋቋም ዘር ለይተው አወጡ።

መድኃኒት እንግዲህ እንደ ወንፊት ነው። ወንፊት ምስርን አያሳንስም፣ አተርንም አያተልቅም፤ አስቀድሞ ያለውን ይለያል። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው።

ከታንዛኒያ እስከ የመን

ወንፊቱ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ታንዛኒያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 መገባደጃ በጀመረው ወረርሽኝ ቴትራሳይክሊን ለሕክምናም ለመከላከያም በስፋት ታደለ። ከአምስት ወር በኋላ ከተመረመሩት ተውሳኮች 76 በመቶው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ከሙቴሽን ሌላ መንገድ እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ የሚባል የዘር ቀለበት እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። በአንዱ ቀለበት ላይ ለብዙ መድኃኒቶች የሚሆን መቋቋሚያ በአንድነት ሊጫን ይችላል። በአፍሪካ ቀንድ የተሰበሰቡትን ተውሳኮች የመረመሩ ሳይንቲስቶች በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ስለነዚህ ፕላዝሚዶች ገልጸዋል፤ በተጨማሪም ቴትራሳይክሊንን የሚያስቋቁመው በራሂ (ጂን) ተደጋግሞ መባዛቱን አመልክተዋል። አንድ ገጽ በስሕተት ደጋግሞ እንደተገለበጠበት መጽሐፍ መሆኑ ነው። የተደጋገመው ገጽ የሚጠቅም ሲሆን ግን ምርጫው ስሕተቱን ያጸናዋል።

ከበርበራ ባሕር ማዶ በየመን የታየውም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወረርሽኙን ያስነሣው ተውሳክ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ያለፈ ሲሆን፣ ለብዙ መድኃኒቶች የሚበገር ነበር። እንደ አዚትሮማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያስቋቁም ፕላዝሚድ የያዘው ዘር በ2018 እና በ2019 ሌላውን ተክቶ ገነነ።

ለክፍላችን

የኮሌራ በሽተኛን ሕይወት በመጀመሪያ የሚያድነው የጠፋውን ውሃና ጨው በጊዜ መተካት ነው። ይህ በአግባቡ ሲደረግ ከመቶ በሽተኞች የሚሞተው ከአንድ ያነሰ ይሆናል። ውሃና ጨው ተውሳኩን አይገድሉምና ወንፊት ሆነው የሚቋቋመውን አይመርጡም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተለይ ለጸናበት ሰው መቆጠቡ፣ ለሰው ሁሉ በጅምላ አለመታደሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

መምህራን አተርና ምስር ቀላቅለው በወንፊት በመንፋት ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከነፉ በኋላም ተማሪዎችን «ከእነዚህ ፍሬዎች ወንፊቱን የለመደው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከፍሬዎቹ አንዱም አልለመደም። በበሽተኛው አካል ውስጥም መድኃኒት የለመደ አንድ ተውሳክ የለም፤ የማይቋቋሙት ሞተው፣ የሚቋቋሙት ተራብተው ዘሩ ተለወጠ እንጂ።