የሁለት ቁጥሮች ጠብ

ስሙማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የንጉሥም የጀግናም ታሪክ አይደለም፤ የሁለት ቁጥሮች ታሪክ ነው። አንደኛው 44,100 ነው፤ ሁለተኛው 48,000። ሁለቱም ዘፈን በምትሰሙበት ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራሉ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን አይስማሙም። ሽማግሌም ገብቶባቸው አያውቅም።

ከ44,100 ልጀምር፤ አወላለዱ ያስቃል። ድምፅን በቁጥር ለመቅዳት በየሰከንዱ ብዙ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል ከተባለ፣ የናሙናው ብዛት ከዚያ እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ይህንን በሒሳብ አስረድቷል። ታዲያ ከ40,000 በላይ ከሆነ ይበቃል፤ ለምን በትክክል 44,100 ሆነ? ነገሩ ወዲህ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ያን ሁሉ ቁጥር በአቅም በሚገዛ ዋጋ የሚሸከመው የቪዲዮ ቴፕ ነበር። መሐንዲሶቹ ድምፁን ሥዕል አስመስለው ቴፑ ላይ ጻፉት፤ በአንድ የሥዕል መስመር 3 ናሙና። በአሜሪካና በጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት 245 መስመር በሰከንድ 60 ጊዜ ይገኛል፤ በአውሮፓው 294 መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ። እስቲ አባዙት! 3 በ245 በ60፣ 44,100። 3 በ294 በ50፣ እሱም 44,100! ሁለቱም የቴሌቪዥን ሥርዓት የተስማማበት ቁጥር ተገኘ፤ ሲዲም ወረሰው።

ቁጥሩ ሲገኝ ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። የሆላንዱ ፊሊፕስ በማርች 1979 አይንድሆቨን ከተማ ላይ ዲስኩን ለጋዜጠኞች ሲያሳይ፣ መሐንዲሶቹ የሠሩት ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ መለወጫ 14 ቢት ነበር፤ ቢት ማለት እያንዳንዱ ናሙና የሚጻፍበት የአሃዝ ብዛት ነው። አጋሩ የጃፓኑ ሶኒ «16 ካልሆነ አይሆንም» አለ። ሶኒ ረታ። እንግዲህ ፊሊፕሶች ምን ያድርጉ? ባለ14 ቢቱን መለወጫ ጣሉት? አልጣሉትም! በ4 እጥፍ ፍጥነት አስሮጡት፤ የስሌቱንም ጉርምርምታ ጆሮ ወደማይደርስበት ከፍታ ገፉት፤ በ14 ቢት የ16ን ሥራ አሠሩት። እኔ በበኩሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ብልሃት የለም።

ሶኒም የራሱ ጉድ ነበረው። ኦክቶበር 1 ቀን 1982 በ168,000 የን ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሲዲ ማጫወቻ ለሁለቱ ጆሮዎች አንድ መለወጫ ብቻ ነበረው፤ ተራ በተራ ያገለግላቸዋል። ስለዚህ አንዱ ጆሮ ከሌላው 11 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ጉድ አላችሁ? ድምፅ በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት ሚሊሜትር እንኳ አይሄድም። ጭንቅላታችሁን ትንሽ ብታዘነብሉ ከዚያ የባሰ መዘግየት ትፈጥራላችሁ።

48,000ስ? እሱ የፊልምና የቴሌቪዥን ልጅ ነው። ለ24፣ ለ25፣ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ከምስል ጋር ለመሄድ ይመቻል። ኢንቴል በ1990ዎቹ ለኮምፒውተር ድምፅ ኤሲ 97 የተባለውን ደረጃ ሲያወጣም መሠረቱ 48,000 ሆነ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ቺፖች ከሱ ሌላ ቁጥር አያውቁም ነበር። ከሲዲ የመጣው ዘፈን 44,100 ይዞ ሲገባ እንደገና ተሰልቶ 48,000 ይደረጋል። በዚያ ዘመን ስሌቱ አንዳንዴ የተዝረከረከ ነበር። ዛሬ ተሻሽሏል፤ ብዙው ሰው ልዩነቱን አይሰማውም። ቢሆንም ያለ ፈቃዳችሁ የሚደረግ ነገር ነውና አውቃችሁ ብትተዉት ይሻላል።

አሁን ወደ ዕቃው። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰውን መለወጫ ባለሙያዎች ዳክ ይሉታል። ላፕቶፓችሁ ውስጥ አንድ አለ። አፕል በ9 ዶላር የሚሸጣት፣ ጆሮ ማዳመጫ የሚሰካባት አጭር ነጭ ገመድ ውስጥም ሙሉ ዳክ አለ፤ ቀልድ አይደለም። ከዚያ እስከ ሺዎች ዶላር ድረስ ደርድሩት።

የውጭ ዳክ በዩኤስቢ ሲሰካ የድሮው ጠብ እንደገና ይነሣል። መደበኛው ዩኤስቢ በየሺህኛው ሰከንድ አንድ እሽግ ይልካል። 48,000 ሲሆን በእሽግ 48 ናሙና፤ ሰላም ነው። 44,100 ሲሆን ግን በእሽግ 44 ከአንድ አሥረኛ ይደርሳል፤ የናሙና አሥረኛ ደግሞ አይታሸግም። ስለዚህ ዘጠኝ ጊዜ 44 ይላካል፤ በአሥረኛው 45! የድሮዎቹ ዳኮች ከበሮ መቺን እያዩ እንደሚጨፍሩ ሰዎች የኮምፒውተሩን ምት ያሳድዱ ነበር፤ እሱ ሲዛነፍ እነሱም ይዛነፋሉ። በአዲሶቹ ከበሮውን የያዘው ዳኩ ነው፤ ኮምፒውተሩን «ጨምር፣ ቀንስ» ይለዋል።

አሰካኩ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ዊንዶውስ ከሆነ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳኩን ዋና መውጫ አድርጉ፤ ድምፅ ማሳመሪያ የተባለውን ሁሉ አጥፉ፤ ብዙ ዘፈናችሁ ከሲዲ የመጣ ከሆነ 44,100 ምረጡ። ቢቱን 24 አድርጉት፤ ዘፈኑ 16 ቢሆንም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ነው፤ በኮምፒውተሩ ቮልዩም ስትቀንሱ ቢት ትበላላችሁ፤ ትርፍ 8 ቢት ካለ ግን የሚበላው ትርፉ ነው። ማጫወቻው ዳኩን ለብቻው እንዲይዝ መፍቀድም ይቻላል፤ ያኔ ቁጥሩ ሳይነካ ያልፋል፤ ዩቲዩብ ግን ድምፅ አልባ ሆነ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ማክ ላይ ኦዲዮ ሚዲ ሴታፕ የሚባለውን ከፍታችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ትመርጣላችሁ።

ስፒከሩ «እምምም» ካለ ደግሞ ዳኩን ከመራገማችሁ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ጉርምርምታው ከጠፋ ጥፋቱ የመሬት ገመዱ ዙሪያ ነው፤ ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ስኩ። የመሬቱን ገመድ ቆርጦ መገላገል የሚያምረው አይጠፋም፤ እሱ ነፍስ ያጠፋል።

ሰፈራችን ውስጥ ሸክላና ካሴት ሲሰበስቡ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። የእኅታቸው ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ውድ ዳክ ይዞላቸው መጣ። ሰካውና መጀመሪያ በላፕቶፑ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በዳኩ አሰማቸው።

«ጋሼ፣ ይስሙትማ! ጥርት አላለም?»

«ጥርትስ ብሏል» አሉ ጋሼ፤ «ግን ጮክም ብሏል።»

አያችሁ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ትንሽ የጮኸ ድምፅ ለጆሯችን የተሻለ ድምፅ ነው፤ ሻጮችም ያውቁታል። ስለዚህ ቴስተር ተፈለገ። አንድ የ60 ሄርዝ ድምፅ እያጫወቱ ቮልቱን በሁለቱም በኩል ለኩ፤ ልዩነቱ ከመቶ አንድ እስኪያንስ ዳኩን ቀነሱት። ያ 0.1 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከዚያ የጋሼ ዓይን በሻሽ ታሰረ፤ የልጅ ልጃቸው ሳንቲም እየጣለች ሶኬቱን ትቀያይራለች። ደንቡ ይህ ነው፦ ከ16 ጊዜ 12 ያገኘ፣ በዕድል ብቻ የማግኘቱ ነገር ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በታች ከሆነ ጆሮ አይመስክር።

ጋሼ ግማሽ ያህሉን አገኙ፤ ግማሽ ያህሉን ሳቱ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። በዚህ መሀል የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ቻርጀሩ ተሰካ፤ ያኔ ዜማው ዝግ ሲል በላፕቶፑ ቀዳዳ በኩል «ሽሽ» የሚል ነገር መጣ፤ ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድም አልሳቱም። ልጁ «ይኸውላችሁ!» ብሎ ዘለለ። እውነቱን ነው፤ ዳኩ ጥቅም አለው። ግን ጥቅሙ ከቻርጀሩ ጉርምርምታ መራቁ ነው እንጂ ልጁ ያለው ጥራት አይደለም፤ ለዚያ ደግሞ የ9 ዶላሯም ልትበቃ ትችል ነበር።

ጋሼ ብቻቸውንም አይደሉም። ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሲዲ የላቀ የተባለውን ድምፅ በ16 ቢትና በ44,100 አሳልፈው ሰዎችን ፈተኑ፤ ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276። ሳንቲም ቢወረወር ከዚህ አይከፋም! በ2016 የለንደኑ ጆሹዋ ራይስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ 52.3 በመቶ ትክክል ሆኖ አግኝቷል፤ ከሳንቲሙ ያለው ብልጫ ዜሮ አይደለም፣ ብዙም አይደለም። ሜየርና ሞራን ግን ሌላም ነገር ታዝበዋል፤ ከሲዲ የላቀ የተባለውን ድምፅ የያዙት ዲስኮች ብዙዎቹ ከተራ ሲዲ ያማሩ ነበሩ፤ በጥንቃቄ ስለተቀዱ።

ጋሼ ጥናቱን ሳያነቡ እዚያው ደረሱ። ሻሹን ፈትተው «ይሄ ዘፈን ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ የቴፑ ትንፋሽ ይሰማኛል። ከሸክላው የተገለበጠ የለህም?» አሉት።

«አለኝ ጋሼ፤ ግን ኤምፒ3 ነው፤ ያውም 96 ኪሎቢት።»

«እንግዲያው ስትመለስ ሌላ ዳክ አታምጣልኝ» አሉ፤ «ሸክላውን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ዕቃ አምጣልኝ። ሸክላው እኔ ዘንድ አለ።»