ከደጃፍ እስከ መድኃኒት፤ የኤች አይ ቪ አገልግሎት በአዲስ አበባ የድኻ ሠፈሮች

የአንድን በሽታ ታሪክ ስንጽፍ ዘመኑን የምንከፍለው አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒቶችና በመመሪያዎች መውጣት ነው። በአዲስ አበባ የድኻ ሠፈሮች የኤች አይ ቪን ታሪክ በቅርብ ለተመለከተ ባለሙያ ግን ሌላ መስፈሪያ ይታየዋል፤ ይኸውም በሽተኛው ከቤቱ ደጃፍ እስከ መድኃኒቱ የሚጓዘው መንገድ ርዝመት ነው። ይህም ርዝመት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም፤ የገንዘብም የኀፍረትም ርቀት አለበት።

በአገራችን የኤድስ ሕሙማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብሔራዊው ፖሊሲ የወጣው በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመታት በልደታ፣ በጨርቆስ፣ በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ ዙሪያ በተጨናነቁት ሠፈሮች ሐኪም ቤት ለሕሙማኑ ሊያደርግ የሚችለው ተጓዳኝ በሽታዎችን ከማከም እምብዛም አያልፍም ነበር። የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ያጠበውና ያጎረሰው ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነው። ጥንተ ሥራው ቀብር የሆነው ዕድርም፣ የሚቀብራቸው ወጣቶች ቍጥር እየበዛ ሲሄድ፣ ለሙታን ከሚያወጣው ገንዘብና ጕልበት ከፊሉን ለሕያዋን ማዋል ጀመረ። በ1990 ዓ.ም. ግድም የተቋቋሙት መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎሕ ኢትዮጵያም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በአደባባይ እንዲናገሩ መንገድ ከፈቱ።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ይሁን እንጂ ነፃ መሆኑ ብቻውን ርቀቱን አላስቀረውም። መድኃኒቱ የሚገኘው በሆስፒታል በነበረበት ጊዜ፣ ለቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ወረፋ መያዝ ማለት የዚያን ቀን እንጀራ ማጣት ማለት ነበር። ነገሩ መለወጥ የያዘው ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድና ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሐኪሙን ሥራ ሲጋሩ ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማም የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት መዘዋወር ጀመሩ።

መቅረቡ ግን የራሱን ችግር አስከተለ። የሠፈር ሰው እንዳያየው ፈርቶ የቅርቡን ጤና ጣቢያ ትቶ የሩቁን የሚመርጥ ሕመምተኛ ጥቂት አልነበረም። የመንገዱ ርቀት ሲያጥር የኀፍረቱ ርቀት ሳይነካ መቅረቱን ከዚህ እንረዳለን።

አኃዞቹም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በአገሪቱ ከተሞች ቫይረሱ የሚገኝባቸው ጐልማሶች በ1997 ዓ.ም. ጥናት ከመቶ 5.5 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 2.9 ወርደዋል። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ ካለባቸው ጐልማሶች መካከል ይህንኑ የሚያውቁት ከመቶ 79 ያህል ነበሩ። ካወቁት ውስጥ 97 ከመቶው መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ከሚወስዱትም በ88 ከመቶው ቫይረሱ ተገትቷል። እንግዲህ ደጃፉን የተሻገረው ይጸናል፤ የጐደለው ከደጃፉ ወዲህ ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሠፈሮች ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ማገዱ አገልግሎቱ ምን ያህል በሌላ ኪስ ላይ እንደቆመ አሳይቶናል። ሰው ሠፈር ሲለውጥ የሕክምና ካርዱ ሊዛወርለት ይችላል፤ የምታውቀው ነርስ፣ ምስጢሩን የያዘለት ጎረቤትና ዕድሩ ግን አብረውት አይዛወሩም። ስለዚህ ሙያችን በአዲሶቹ መንደሮች የሕንፃውንና የመድኃኒቱን ያህል ለእነዚህም ሊያስብ ይገባዋል፤ አለዚያ በሠላሳ ዓመት ያሳጠርነው መንገድ ተመልሶ ይረዝማል ብዬ እሠጋለሁ።